ስንት ጊዜ ለመናችሁት?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ትምህርቴ አልነበረም። ዲግሪዬን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወንበር አሳየኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

በእኛ አገር ይህ እንደ ሰላምታ ነው፤ ክፋት የለውም ይባላል። እኔ ግን ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። «ከመርሐቤቴ ነኝ» ብዬ ላልፈው እችል ነበር። አላለፍኩትም። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ አባቴም ማረሻ ሠሪ ነበር። የባለ እጅ ልጅ ነኝ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ይሄን ለሁሉም ሰው መንገር እንኳ ግድ አይደለም» አለኝ፤ ለእኔ ማሰቡ ነበር።

«ጠየቁኝ፤ መለስኩ» አልኩት።

ከቢሮው ወጥቼ መምህራን ማረፊያ ገባሁ። መንዝ ቀዝቃዛ ነው፤ እንደኔ ከቆላ ለወጣ ሰውማ አይጣል ነው። ሁሉም ትኩስ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ተቀምጧል። የፊዚክስ መምህሩ፣ «ሻይ ትጠጫለሽ?» አለኝ። እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ «ኧረ ይቅርብኝ» አልኩ። ማንቆርቆሪያው ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

በሳምንቱ «ቲቸር ጸዳለ ሻይ አትወድም» የሚል ወሬ ትምህርት ቤቱን ሞላው። ወሬው አንዴ ከወጣ በኋላ ሄዶ «ኧረ እወዳለሁ» ማለት ልመና መሰለኝ፤ ተውኩት። በዚያ ብርድ ውስጥ ከሻይ ጋር የተጣላች ሴት ሆኜ ስንት ክረምት ከረምኩ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። የተመደብኩት ስነ ዜጋ ላስተምር ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሶሲዮሎጂ የሚባል ፔሬድ የለም፤ ስለዚህ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ለማስተማር የቀረኝ በር ክበብ ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ የክበባትን ስም አንብቦ «አንዱን ምረጪ» ሲለኝ፣ የሌለውን መረጥኩ። «የኅብረተሰብ ጥናት ክበብ» ብዬ ከታች ጨመርኩበት።

የፊዚክስ መምህሩ ሳቀ። «እና ልጆቹን ወሬ ማጠንጠን ልታስተምሪ ነው?»

«ወሬ ማጣራት» አልኩት።

በክበቡ ውስጥ ሕጌ ጥቂት ነበር። «ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ማን እንዳለ ጻፉ። ሰው የተናገረውን በራሱ አፍ እንዳለ ጻፉ፤ አታሳምሩት። ስለ አንድ ሰው የሰማችሁትን ከራሱ ሳትጠይቁ እውነት ነው አትበሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን፤ በሳምንቱ ያገኙትን ያነባሉ፤ ሌላው ተማሪ ያፋጥጣቸዋል።

አንድ ዓመት ወንፈልን አጠናን። አንዱ ተማሪ ገብስ የሚያጭዱ ገበሬዎች ዘንድ ሄዶ፣ «በጋራ የምትሠሩበት ምክንያት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ና ግባና እጨድ፤ ይገባሃል» ብለው ማጭድ አስያዙት። ሲመሽ የለቀቁትን ልጅ ቅዳሜ እጁ ውሃ ቋጥሮ አየሁት። የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ወንፈል የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ አገር ያውቃል» ይላል። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። የወረዳው ሱፐርቫይዘር በኋላ ይህን አይቶ፣ «ይሄ ጥናት ነው?» ሲለኝ፣ «እጁን ቢያዩትማ ነው» አልኩት።

እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሄዱ። ከዚያ አስካለ መጣች።

አስካለ የአቶ ደምሴ ልጅ ናት። አቶ ደምሴ የከተማው አንጥረኛ ነው፤ የአካባቢው ማረሻና ማጭድ በእሱ እጅ ያልፋል። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ሦስት ተማሪ በሚይዘው ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷና ከኋላዋ ያሉት አራት አራት ሆነው ተጣበዋል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ነበር አሉኝ።

ያን ቀን ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ፔሬዱን ሙሉ ከዚያው አስተማርኩ። በማግስቱ መቀመጫውን በዕጣ አደልኩት። ከዕጣው በኋላ አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «መምህርት፣ ልጄን ከዚያች ልጅ ያንሱልኝ። ዓይናቸው ጥሩ አይደለም ይባላል» አሉኝ።

«እኔም የባለ እጅ ልጅ ነኝ እኮ» አልኳቸው። «ልጅዎን ይሄን ያህል ጊዜ ሳስተምረው አልበላሁትም። እንዲያውም ወፍሯል።»

ሴትዮዋ አማትበው ሄዱ። ልጃቸው ከዴስኩ አልተነሳም።

በዚያው ዓመት ክበቡ ጽዋ ማኅበርን እንዲያጠና ወሰንን። የአካባቢያችንን የሚካኤል ማኅበር ያዝን። አባላቱ በወር በወሩ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ይባርካል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ ይጠጣል። ሲያበቃ ጽዋውን የሚቀጥለው ሰው ይቀበላል፤ በሚመጣው ወር ደጋሹ እሱ ነው። የማኅበሩን መሪ ሙሴ ይሉታል። ሙሴው አቶ ወንድይፍራው ነበር፤ በትምህርት ቤታችንም የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ነው። ልጁ ቢኒያም ከክበቤ አባላት አንዱ ነበር።

ተማሪዎቹ ጽዋው ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደሄደ ጠይቀው መጡ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቤቶቹን በክብ ሣልናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በጠመኔ እያገናኘን ዞርን። ክቡ ገጠመ። አንድ ቤት ግን ውጭ ቀረ። የአቶ ደምሴ ቤት ነው። አቶ ደምሴ መዋጮ ይከፍላል፣ ማኅበር ይሄዳል፣ በር አጠገብ ተቀምጦ በራሱ ጣሳ ይጠጣል። ጽዋው ግን ቤቱን ዘሎ ያልፋል።

«ለምን ዘለለው?» አልኳቸው። ሁሉም ከየቤታቸው ያመጡት መልስ አንድ ነበር፤ «ራሱ አልፈልግም ብሎ ነው።»

«ከራሱ የሰማ አለ?» አልኩ።

ማንም እጁን አላወጣም። አስካለ ብቻ፣ «እኔ እጠይቀዋለሁ» አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቆማ አነበበች። አባቷ እንደነገራት እንዲህ ነው። አስካለ ገና ሕፃን ሳለች፣ አቶ ደምሴ ወናፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ አቶ ወንድይፍራው በበቅሎ መጣ። አልወረደም። «ደምሴ፣ ጽዋ ትቀበላለህ?» አለው። አባቷም፣ «ኧረ እኔ ምን ቤት አለኝና፤ ይቅርብኝ» አለ። አቶ ወንድይፍራው «እሺ» አለና በቅሎውን አዞረ።

«እናቴ ግን እንደሚጠይቁን ሰምታ ኖሮ፣ ብቅሉን አብቅላ አድርቃው ነበር» ብላ አነበበች አስካለ። «ጌሾም ወቅጣ ነበር። ብቅሉን ለበጎቹ ሰጠችው።»

ከዚያ ቢኒያም፣ «ቲቸር፣ የእኔም አባት ይቅርብኝ ብሎ ነበር» አለ። «ሲያወራው ሰምቻለሁ። ግን ለመኑት።»

ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት እንደቆምኩ የሻዩ ማንቆርቆሪያ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ። እኔ ሶሲዮሎጂ የተማርኩት ሴትዮ ይህን ሁሉ ዓመት በገዛ ራሴ ላይ የደረሰውን አላየሁትም ነበር።

አንባቢ ያውቀዋል፤ በእኛ ዘንድ ሰው ሲጋብዙት ባንዴ እሺ አይልም። ቶሎ እሺ ካለ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይባልበታል። «ይቅርብኝ» ማለት የልመናው መጀመሪያ ነው። ጋባዥ «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል፣ እጅ ይይዛል፤ ተጋባዥ ከስንት ግትጎታ በኋላ እሺ ይላል። የመጀመሪያዋን «ይቅርብኝ» ሰምቶ የሚሄድ ሰው ቀድሞውኑ መስጠት አልፈለገም።

ተማሪዎቹ ክቡ ውስጥ ወዳሉት ቤቶች ሁሉ ተመለሱ። የዚህ ጊዜ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «ጽዋውን መጀመሪያ ሲሰጧችሁ ምን አላችሁ?» ሰዎቹ እንዴት እንደተለመኑ በኩራት አወሩላቸው። አንዱ ሚስቴ ታማለች ብሎ ዋሽቷል። አንዷ ባልቴት ካህኑ መስቀል እስኪያወጡ እሺ አላልኩም ብለዋል። አቶ ወንድይፍራው ራሱ እምቢ ብሎ ጋጣ ገብቶ፣ ከጥጃ ጋር ተደብቆ ነው የተገኘ፤ ይህን ያመጣው ቢኒያም ነው።

አስካለ መደምደሚያውን ጻፈች፤ «በማኅበሩ ውስጥ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያለ ሰው አላገኘንም። ሳይለመን የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ከዚህ በላይ አሳምሬ የምጽፈው አልነበረኝም። በወላጆች ቀን እሷ ራሷ እንድታነበው ወሰንን።

ወሬ እግር የለው፣ ይደርሳል። ዳይሬክተሩ አስጠራኝ፤ አቶ ወንድይፍራው ቀድሞኝ ተቀምጧል።

«መምህርት፣» አለኝ አቶ ወንድይፍራው፣ «ልጆቻችንን ፊደል ቢያስቆጥሩልን ብለን ነው የሰጠንዎ። የየቤታችንን ገመና እንዲቆጥሩ አይደለም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። «የትኛው ውሸት እንደሆነ ያሳዩኝ፤ እሰርዘዋለሁ።»

«ውሸት አለ የሚል መቼ ወጣኝ?»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ውሸት አለመሆኑ ነዋ!» አለ ዳይሬክተሩ፤ አምልጦት ነው። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ የዝውውር ወቅት መቃረቡን፣ መኪና የማይገባባቸው ትምህርት ቤቶች መምህር እንደሚፈልጉ አስታወሰኝ።

«ሄጄ እዚያም ክበብ አቋቁማለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ከትምህርት በኋላ አቶ ደምሴ ወደ ክፍሌ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይግቡ» ብለውም አልገባም። አስካለ ቦርሳዋን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«መምህርት፣ ነገሩን ተይልኝ» አለኝ። «ማረሻ የሚያመጡልኝ እነሱ ናቸው። አንቺ ደሞዝሽን መንግሥት ይሰጥሻል። እኔ ነገ ማንም በሬን ባያንኳኳ ምን እበላለሁ?»

እውነቱን ነው። የእኔ እልህ እኔን ቢያስከፍለኝ አንድ ዝውውር ነው፤ እሱን ግን እንጀራውን። «እርስዎ አይነበብ ካሉ አይነበብም» አልኩት።

«ካልተነበበ እኔ ሰኞ አልመጣም» አለች አስካለ። «ትምህርት አቁሜያለሁ፣ አባዬ።»

«ለምን? ምን ሆንሽ?»

«እስካሁን ብቻዬን ስቀመጥ እኔ ራሴ ፈልጌ ነው ይሉ ነበር። ዝም አልኩ። አሁን ግን በጽሑፍ ይዤው ዝም ብል፣ እውነትም ፈልጌ ይሆናል።»

አቶ ደምሴ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አሸው። «ያን ብቅል እናትሽ ስትበትነው ዞር ብዬ ነበር» አላት በመጨረሻ። «እንዳላይ።» ከዚያ ባርኔጣውን አጠለቀና፣ «አንብቢው» ብሏት ሄደ። ልጅቷ እዚያው በሩ ላይ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። ዳይሬክተሩ የእኛን ክበብ መጨረሻ ላይ አድርጎታል፤ ሰዉ ይሰለቻል፣ ሰዓቱም ያልቃል ብሎ ነው። ማንም አልሄደም። ስለ ጽዋው የሚነበብ ነገር እንዳለ አገር ሰምቷል።

አስካለ ድምፅ ማጉያውን ገፋ አድርጋ በራሷ ድምፅ አነበበች። የበቅሎውንም፣ የብቅሉንም አነበበች። መደምደሚያው ላይ ስትደርስ አቶ ወንድይፍራው ከፊት ወንበር ተነሳ።

«እኛ መቼ ከለከልን?» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ራሱ ነው እምቢ ያለ! ይኸው እዚሁ አለ፤ በአደባባይ እጠይቀዋለሁ። ደምሴ! ጽዋ ትቀበላለህ?»

አቶ ደምሴ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁሉም ዞሮ አየው። ልጁን አየ፣ ሙሴውን አየ፣ ከዚያ፣ «ይቅርብኝ» አለ።

አቶ ወንድይፍራው እጁን ዘረጋ። «ሰማችሁ? ከአፉ ሰማችሁ?» ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ ሚስቱ እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዳትቀመጥ!» አሉት። «አንተን ከጋጣ ጎትተን አይደለም ወይ ያስቀበልንህ? ጥጃዋ ስታጋልጥህ ማን ነበር የሳቀ? ስንት ጊዜ ለመናችሁት? ለሰው ልጅ አንዴ ብቻ ተጠይቆ የሚተው ምን ግብዣ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ወንድይፍራው ጆሮው ድረስ ቀላ። እትዬ ዘነበች ግን አልሳቁም። ወደ ኋላ ዞረው፣ «አቶ ደምሴ፣ በሞቴ ይቀበሉ» አሉ።

«ኧረ ቤቴ ጠባብ ነው፣ እትዬ» አለ አቶ ደምሴ።

«ተጠጋግተን እንቀመጣለና! አፈር ስሆን!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ጭስ አለው ቤቱ።»

«የማን ቤት ጭስ የለውም?» አለ ሌላው።

ካህኑ ከፊት ተነስተው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ልጄ፣ እሺ በል።»

«አባቴ፣ እኔ ለማኅበር የምሆን ሰው አይደለሁም» አለ አቶ ደምሴ፤ ለመስቀሉ በሩቁ ሰገደለት እንጂ እሺ አላለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ድሮውኑ ቆርጧል። የቀረበትን ልመና ሁሉ አንድ በአንድ እያስለመነ ነው። አስካለም ገብቷት ኖሮ ወረቀቷን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። አንድ የቀረ ሰው አለ፤ ያም ሰው ካልለመነ ዓመት ሙሉ ቢለመን እሺ አይልም። አዳራሹም ቀስ በቀስ ይህን ተረዳና አቶ ወንድይፍራውን ማየት ጀመረ።

አቶ ወንድይፍራው መሬት መሬቱን እያየ በወንበሮቹ መሐል አልፎ እስከ ኋላው ግድግዳ በእግሩ ሄደ።

«ደምሴ» አለ። «በሞቴ።»

«እሺ» አለ አቶ ደምሴ።

ድግሱ በወሩ ሆነ፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። አገር ባንድ ቀን ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ያልመጡ አሉ። አንዱ አባል የራሱን ዋንጫ በለበሰው ባና ሥር ሸሽጎ መጥቶ ነበር፤ አቶ ደምሴ አይቶ እንዳላየ በዚያው ዋንጫ ሞልቶ ቀዳለት። ሰውየው አፈረና ሁለተኛውን ዙር በአቶ ደምሴ ቤት ዋንጫ ጠጣ። ማረሻቸውን ወደ ሌላ አንጥረኛ የወሰዱም ነበሩ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ አቶ ደምሴ ተመለሱ። ጽዋው ግን በክቡ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ያን ቤት ዘሎ አያውቅም።

አስካለ ትምህርቷን ጨረሰች። ሶሲዮሎጂ ትማራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሰው ያደክማል፣ ቲቸር» ብላ አካውንቲንግ ገባች።

የእኔም ዝውውር አልቀረም። ወደ ግሼ ተላክሁ፤ ከራቤል ወዲያ፣ መኪናው ካቆመበት በእግር የሚኬድበት ትምህርት ቤት። ዳይሬክተሩ ሲሸኘኝ፣ «አላዝንብሽም፤ ግን አርፈሽ ተቀመጭ» አለኝ። እዚያም በመጀመሪያው ሳምንት ክበብ አቋቋምኩ።

አዲሱ ትምህርት ቤት በገባሁ ዕለት መምህራን ማረፊያው ውስጥ ማንቆርቆሪያ የያዘች ልጅ፣ «ሻይ ይጠጣሉ?» አለችኝ። «አዎ፤ ስኳር ጨምሪበት» አልኳት። ዞር ብለው ያዩኝ ነበሩ። ዓይነ አውጣ ቢሉኝ ይበሉኝ ብዬ ጠጣሁት።

ዛሬ አዲስ የሚመደቡ የስነ ዜጋ መምህራን ይህን ሥራ እንዴት ልጀምር ብለው ይጠይቁኛል። የምላቸው አንድ ነው። ስለ አንድ ሰው «ራሱ አልፈልግም አለ» ሲሏችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደለመኑት ጠይቁ።